ፎቶው ላይ ያለችው ገበሬ

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ዛሬ ልንገራችሁ። ከጦርነቱ በፊት ያለ ኬሚካል አትክልት ለሚያለሙ ሴቶች ድጋፍ የሚሰጥ ፕሮጀክት እኛ አገር፣ ሐይቅ ከተማ መጣ። የአክስቴ የዘይነባ ማሳ ተመረጠና የውኃ ፓምፕ ተሰጣት። የፕሮጀክቱ ፎቶ አንሺ ግን አክስቴን አየት አድርጎ፣ «የእሳቸው ፊት ተጎሳቁሏል፤ አንቺ ቁሚ» አለኝ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣሁ፣ ሰው ቀና ብዬ የማላይ ልጅ ነበርኩ። እምቢ ማለት አፈርኩ። አክስቴ እየሳቀች መቀነቷን ፈትታ አስታጠቀችኝ፣ ዶማዋንም አስያዘችኝ፤ «ዶማው ከበደሽ እንዴ፣ የኔ ሙሽራ?» አለችኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ ሸሸን፤ ስንመለስ ፓምፑ የለም። ፕሮጀክቱ ለቀድሞ ተጠቃሚዎቹ ብቻ ምትክ እንደሚሰጥ ሰምተን አብረን ቢሮ ሄድን። አዲሱ ኃላፊ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ ፎቶ እያመለከተ፣ «እማማ፣ ማሳውን አውቀዋለሁ፤ ባለቤቷ ግን ይቺ ናት» አላት።

«ወላሂ ማሳው የኔ ነው!»

«እንግዲያው ይቺ ማን ናት?»

አክስቴ ዞራ አየችኝ። ሻርፔን እስካፍንጫዬ ስቤ መሬት መሬቱን አየሁ። እሷም ጥቂት ጠበቀችኝና፣ «እንጃ፣ አላውቃትም» ብላ ወጣች።

ዛሬም አትክልቷን የምታጠጣው ከሐይቁ በባልዲ እየቀዳች ነው። ላግዛት እጄን ስዘረጋ ባልዲውን ታሸሽብኛለች።

«ተይው፤ አንቺ ለፎቶ ነሽ» ትለኛለች።