ሁለት ጣሳ ገብስ

ሄለን በዚያ ዓርብ ጧት ፒያሳ የወረደችው እንቁላል ልትገዛ ነበር። እንቁላሏን በፌስታል አንጠልጥላ ባጃጅ ስትጠብቅ፣ በደባርቅ መንገድ የመጣ ሚኒባስ ከፊቷ ቆመና አያ ዳኛውን አወረደ። ቀጥሎ አንድ ከረጢት ዱቄት ወረደ፤ ከዱቄቱ በኋላም ክዳኑ በሲባጎ የታሰረ የአይብ ባልዲ። ሄለን ሽማግሌውን በማየቷ ደስ አላት፤ ከረጢቱን ስታይ ግን ደስታዋ ከሰመ።

አያ ዳኛው የኮሶዬ ገበሬና የትርንጎ አባት ናቸው። ሄለን በአንድ ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ስትሆን፣ በትርንጎ ግቢ አንዲት ክፍል ከተከራየች ሦስት ዓመቷ ነው። የትርንጎ ልጅ ወንጌላዊት አምስት ዓመት ሞልቷታል፤ ሰውነቷ ግን የሦስት ዓመት ልጅ ያህል ነው። ከስድስት ወር በፊት ሐኪም መርምሮ፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለውን ግሉተን የሚባል ነገር የልጅቱ አንጀት እንደማይቀበል፣ ከቀመሰችው አንጀቷ እንደሚቆስልና የበላችው ሁሉ ሥጋ እንደማይሆናት፣ መድኃኒቱም እነዚያን እህሎች ፈጽሞ መተው ብቻ እንደሆነ ነግሯቸዋል። ትርንጎ ስንዴውንም ገብሱንም ከቤቷ አስወጣች። ልጅቱ ግን አንዴ ሻል ሲላት፣ አንዴ ሲብስባት ቆይታ፣ ባለፈው ወር ጭራሽ አንድ ኪሎ ቀነሰች።

«ሄለንዬ፣ ሸጋ ነሽ?» አሉ አያ ዳኛው ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደኅና ነዎት? ባለቤትዎ እማማ የትነበርሽስ?»

«ደኅና ነች፤ ዓይኗ ብቻ ነው ያስቸገራት። ልጅቱን ይዘህ ና ብላ ነው የላከችኝ። ከሰዓት በኋላ ባለው መኪና ይዣት እመለሳለሁ።»

ሄለን የያዘችውን ፌስታል ልትጥል ምንም አልቀራት። «ወዴት ነው የሚወስዷት?»

«ወዴት ይሆናል፣ ወደ አያቷ ቤት ነዋ። ጠበሉን ትጠመቃለች፣ በሶውን ትጠጣለች፣ በሁለት ወር እንደ ጊደር ትፋፋለች። እናንተ ከተሞቹ ስድስት ወር በወረቀት አከማችኋት። ምን አተረፋችሁ? አጥንቷ ቀረ።»

«ጠበሉን ትጠመቅ፣ ማን ከለከለ። በሶው ግን ነው የሚጎዳት፣ አያ ዳኛው። በሶ ገብስ ነው።»

«ምነው ልጄ፣ ገብስ እኮ የእህል ንጉሥ ነው። እኔን በምን ያደግሁ ይመስልሻል?»

«እርስዎን ያሳደገ እርሷን ሊያሳምም ይችላል።»

«አያቱን አሳድጎ የልጅ ልጁን የሚቀጣ ምን ዓይነት ንጉሥ ነው?»

ባጃጅ ይዞ የደረሰው ሹፌር ሳቀ። ሄለን አልሳቀችም። ይህን ነገር ለእኚሁ ሰው ስትነግር ይህ አምስተኛ ጊዜዋ ነው። ሰውየው ግትር ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ተናግራ በወጣላት፤ ነገር ግን የልጅ ልጃቸውን ከዓይናቸው ብሌን አስበልጠው የሚወዱ፣ ለእርሷ ሲሉ በግ ሸጠው ከማክሰኝት ገበያ ጤፍ የሚገዙ ሰው ናቸው። ክፉን ሰው ገስጾ ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ ደግ ሰው ሲሳሳት ግን ተገሣጹ ራሱ ግፍ ይመስላል።

ግቢው ሲደርሱ ወንጌላዊት ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ሆዷ ተነፍቷል፤ እግሮቿ ግን ከተቀመጠችበት በርጩማ እግር ብዙም አይወፍሩም። አያቷን ስታይ ተነሥታ ሁለት እርምጃ ሄደችና ደክሟት ቆመች። አያ ዳኛው ጎንበስ ብለው አቀፏት፣ ግንባሯን ሳሙ፤ ወዲያውም ምን ያህል እንደቀለለች ስለተሰማቸው ወደ ትርንጎ ዘወር አሉ።

«ልብሷን አዘጋጂ» አሉ።

ትርንጎ ሄለንን በአፍረት አየቻት። «እኔ እንጃ ሄለን፣ አባቴ ልክ ሳይሆን አይቀርም። እህሉን ከከለከልናት ስድስት ወር ሆነ። ቢሠራ ኖሮ እስካሁን ባየነው። ሲብሳት ቆሜ ከማይ፣ ትሂድ።»

«አንድ ሰዓት ስጪኝ» አለች ሄለን። «ከዚያ በኋላ የፈቀዳችሁትን አድርጉ።»

ክፍሏ ገብታ አንድ ደብተር ይዛ ተመለሰች። ወንጌላዊት በየቀኑ የበላችው፣ የሆዷ ሁኔታና በየሳምንቱ የተመዘነችው ኪሎ በረድፍ ተጽፎበታል። በቀይ እስክሪብቶ የተከበቡ አራት ቦታዎች አሉ።

«አያ ዳኛው፣ አይቆጡኝ እንጂ፣ ልጅቱ በእነዚህ ስድስት ወራት አራት ጊዜ ክፉኛ ታማለች። አራቱም ጊዜ እርስዎ መጥተው በሄዱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው የጀመራት።»

«እኔ ቡዳ ነኝ ማለትሽ ነው?»

«ያመጡትን ነው የምለው። ሲመጡ አይብና ዱቄት ያመጣሉ። መጀመሪያ አይቡን ጠረጠርሁ። ሁለት ሳምንት አይብ አስተውናት የእርስዎን ዱቄት ብቻ በላች፤ ሕመሙ አልለቀቃትም። ዱቄቱ ሲያልቅ ደግሞ እኔ ራሴ ለቅሜ ባስፈጨሁት ጤፍ ላይ አይቡን መለስንላት፤ ተሻላት። አይቡ ንጹሕ ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ይህ ዱቄት ጤፍ ነው?»

«ጤፍ ነው።»

«ጤፍ ብቻ?»

አያ ዳኛው ጥያቄው ገረማቸው። «ጤፍ ብቻውንማ ምን ጉልበት አለው? ሲፈጭ ሁለት ጣሳ ገብስ ጣል ይደረግበታል። ያውም የጓሮዬን ገብስ። እንዲያበረታት ብዬ።»

ትርንጎ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አባዬ፣ ጤፍ ነው ብለኸኝ እኮ ነው።»

«ጤፍ ነዋ። ሁለት ጣሳ ገብስ ስለገባበት ገብስ ይባላል? አብዛኛው ጤፍ ነው።»

ሄለን ደብተሩን ዘጋችው። ስድስት ወር ሙሉ ስትጽፍ፣ ስትመዝን፣ ስትለቅም፣ ማንንም የማይዋሹት ሽማግሌ እውነቱን እየተናገሩ ልጅቱን ሲያሳምሟት ኖረዋል። በደጋው አገር ጤፍ ላይ ገብስ መቀላቀል የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ የተቀላቀለውንም «ጤፍ» ብሎ መጥራት ለማንም ውሸት አይደለም። የጠየቃቸውም አልነበረም። ይህን አለመጠየቋ የራሷ ጥፋት እንደሆነ ማወቋ ንዴቷን አባሰባት እንጂ አላበረደላትም።

ቢሆንም በትሕትና ማስረዳት ጀመረች። የአንጀት ግድግዳ እንደ ፎጣ ለስላሳ ጸጉር እንዳለው፣ ግሉተን ሲደርስበት የልጅቱ ሰውነት ራሱን እንደሚወጋ፣ ጸጉሩም እንደሚረግፍ፣ ምግብም ሳይመጠጥ እንደሚያልፍ ነገረቻቸው።

«ገባኝ» አሉ አያ ዳኛው። «ስለዚህ አንድ ጣሳ ይበቃል።»

«አንድም አይበቃም። ምንም መግባት የለበትም ነው የምልዎ።»

«እፍኝስ? ትንሽ ትንሽ እየቀመሰች ብትለምደው? ጥጃም ሣር የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው።»

«ይህ በልምድ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ቀስ በቀስ የምትለምደው ሕመሙን ነው።»

«የከተማ ትምህርት እኮ ነገር ማካበድ ይወዳል» አሉ ለትርንጎ፣ ሄለን የሌለች ይመስል። «ዶሮ ጭራ የምታገኘውን ሁሉ እየበላች ትኖራለች፤ የሰው ልጅ ግን በቅንጣት ይሞታል ይሉሻል።»

ሄለን ከዚህ በኋላ ብትናገር ቃል እንደሚያመልጣት ስላወቀች ወደ ወጥ ቤቱ ገባች። ልጅቱ መኪና ብትሳፈር እንኳ በባዶ ሆዷ አትሂድ ብላ፣ ባልዲውን ፈታ፣ ከራሷ ክፍል የንጹሑን ጤፍ ዱቄት አመጣችና መደርደሪያው ላይ ካሉት ሁለት ድስቶች አንዱን ሳታይ ሳበች።

«እሱን ተይ» አሉ አያ ዳኛው ከበሩ ላይ።

«ምኑን?»

«ድስቱን ነዋ። የጾም ድስት ነው። በዓርብ ምድር አይብ ልትከቺበት ነው? የፍስኩ ያውልሽ፣ ባጠገቡ።»

«አጥቤ እመልሰዋለሁ።»

«ብታጥቢውስ። አንዴ አይብ ከነካው ነካው ነው። ትርንጎ በዚያ ሽሮ ሠርታ ብታቀርብልኝ አልበላም።»

ሄለን ድስቱን እንደያዘች ቆመች።

«ከታጠበ በኋላ ስንት አይብ ይቀርበታል፣ አያ ዳኛው?»

«እኔ ምን አውቄ። የጥፍር ያህልም አይቀር።»

«ታዲያ ምነው አይበሉም?»

«ጾም በሚዛን ነው እንዴ የሚፈርስ? ጥቂትም ብትሆን ፍስክ ፍስክ ናት።»

«እሺ። በዓቢይ ጾም እማማ የትነበርሽ አንድ ድስት ሽሮ ሠርተው አንዲት ማንኪያ ቅቤ ጠብ ቢያደርጉበት፣ የጾም ወጥ ነው ይሉታል?»

«የፍስክ ነዋ።»

«አብዛኛው ሽሮ ነው እኮ።»

አያ ዳኛው ዓይናቸው ጥግ ላይ ወደተቀመጠው ከረጢት ሄደ። ከዚያ ወጥተው ደጃፉ ላይ፣ ከልጅቱ አጠገብ ተቀመጡ። ሄለን ተከትላ ስትወጣ እጃቸው የልጅቱን ቁርጭምጭሚት ይዞ ነበር፤ ጣታቸው ዞሮ ተገናኝቶ ተርፏል።

«ስንት ጊዜ አመጣሁ ነው ያልሽ?»

«አራት ጊዜ።»

«አራቱንም ጊዜ ታመመች?»

«አራቱንም።»

«እኔ ነኛ» አሉ።

ያን ጊዜ ሄለን አሸንፌያለሁ ብላ ደስ ልትሰኝ አልቻለችም። «ባለማወቅ ነው፣ አባቴ። እኔም አልጠየቅሁዎ። ዱቄቱን ወደ እኔ ክፍል ወስደን እኛ እንበላዋለን፤ ለእኛ ሸጋ እህል ነው። ለእርሷ ግን ገብስ ሁልጊዜ ጾም ነው፤ ፋሲካ የሌለው ጾም።»

አያ ዳኛው ቀና ሲሉ የጠየቁት ሄለን ያልጠበቀችውን ነበር። «እንግዲያ ወፍጮውስ? በሰፈራችን ባለወፍጮ በክንዴ ዘንድ ገብስ ከተፈጨ በኋላ ጤፍ ሲገባ የፊተኛው ዱቄት ከኋለኛው ጋር ይወጣል። ወንፊቱስ? የትነበርሽ በአንድ ወንፊት ነው ሁሉን የምትነፋ። ይህም እንደ ድስቱ ነው።»

«እንደ ድስቱ ነው» አለች ሄለን፤ ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ላላ።

«ቁርባኗስ? ኅብስቱ የስንዴ ነው።»

«በእሱ ላይ እኔ አልፈርድም። ሕመሟን ለንስሐ አባታችሁ ነግራችሁ ምከሩበት።»

«መልካም። በይ አሁን ዳቦውን አሳዪኝ። የትነበርሽ ዓይኗ አይረዳትም፤ እኔ ካላወቅሁት ልጅቱ ኮሶዬን ላታይ ነው።»

ወንድ ሊጥ ሲያቦካ አይታ የማታውቀው ትርንጎ ልትስቅ ስትል ሄለን በዓይኗ ከለከለቻት። ሁለት ኩባያ የጤፍ ዱቄት፣ ውኃው ተጨምቆ የወጣለት አንድ ኩባያ አይብ፣ ሦስት እንቁላል፣ ጥቂት የቀለጠ ቅቤ፣ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ተወቅጦ በውኃ የተዘፈዘፈ ተልባ። አያ ዳኛው እጅጌያቸውን ሰብስበው በማንኪያ አማሰሉ።

«ይህ ሊጥ ነው ጭቃ?» አሉ። «የስንዴ ሊጥ ቢጎትቱት ይሳባል። ይህ ይቆረሳል።»

«የሚስበው ያ የከለከልናት ነገር ነው። እርሱ ስለሌለ ዳቦው እንዳይፈረፈር አይቡ፣ እንቁላሉና ተልባው ይይዙታል። አይቡ ደግሞ ለአጥንቷም ይሆናታል። ስታድግና ስትጾም አይብና እንቁላሉን ትታ ተልባውን ማብዛት ነው።»

ግማሽ ሰዓት አሳርፈው፣ የፍስኩን ድስት ቅቤ ቀብተው፣ ክዳኑን ገጥመው በለዘበ እሳት ጋገሩት። ሲወጣ ከላይ የተሰነጠቀ፣ ከስንዴ ዳቦ ጠቆር ያለ ነበር። አያ ዳኛው ዓርብ ስለሆነ ሊቀምሱት አልቻሉም፤ ሥራቸው እንዴት እንደወጣ የሚነግራቸው የልጅቱ ፊት ብቻ ነበር። ወንጌላዊት አንድ ቁራሽ ጨርሳ እጇን ዘረጋች።

ከሰዓት በኋላ አያ ዳኛው ወደ ኮሶዬ የተመለሱት ብቻቸውን ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን መዘርዘር ተገቢ ነው፤ ምክር በፍሬው ይታያልና። ወንጌላዊት በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ኪሎ ተኩል ጨመረች፤ የሆዷ መነፋት ጎደለ፣ እንቅልፏ ተስተካከለ፣ ከግቢው ልጆች ጋር መሯሯጥ ጀመረች። ትርንጎም በየሳምንቱ ለሐኪም ከመሰለፍ ዐረፈች። በኮሶዬ አያ ዳኛው አዲስ ወንፊትና አዲስ ድስት ለብቻ አኑረዋል። ጤፍ የሚያስፈጩት ወፍጮው ተጠርጎ፣ ከማንም ቀድመው፣ የመጀመሪያውን ሁለት ጣሳ ለቤታቸው ለይተው ነው፤ ባለወፍጮው ክንዴ ቢሰለቻቸውም ለምዶታል።

ሄለንን ግን ማበሳጨታቸውን አልተዉም። አሁን ደግሞ ሆዱን የታመመውን ጎረቤት ሁሉ «ገብስ ተው» ማለት ጀመሩ።

«አያ ዳኛው፣ ኧረ ይተዉ» አለቻቸው ልጅቱን ኮሶዬ ሊወስዱ በመጡ ዕለት። «ለሌላው ሰው ገብስም ስንዴም ጤና ነው። የታመመ ሐኪም ይየው እንጂ እርስዎ አይዘዙ። ደግሞ ምርመራው ሳይደረግ እህሉን ካቆሙ ሕመሙ ይደበቃል።»

«እንዲያ ነው? እንግዲያ ወደ ጎረቤቴ ወደ አስማረ ሄጄ ብላ እለዋለሁ» አሉ ሳይከራከሩ።

ትርንጎ የልጅቱን ልብስ በቦርሳ ከታ ስታወጣ፣ አባቷ ይዘውት የመጡትን ጆንያ ፈቱ። ትልልቅ ድንች ነበር፣ አፈሩ ገና ያልረገፈለት።

«ይህ ከየት ነው?» አለች ትርንጎ። «አንተ ድንች ተክለህ አታውቅ።»

«ከጓሮው ነው። ገብሱን ወደ ላይኛው ማሳ አወጣሁት።» ልጅቱን ከመሬት አነሡ፤ ክብደቷ ከበፊቱ ስለሚለይ ክንዳቸውን አስተካከሉ። «የአያቷ ጓሮ የሚያበቅለውን ሁሉ ለምን አትብላ ትባላለች?»