ለቅሶ ቤቱን ያሳቀው ሽሮ

አዳማ፣ የእድሩ ድንኳንና ድስት በሚቀመጥበት ቆርቆሮ ቤት፤ የአቶ ተምትሜ ለቅሶ ካለፈ በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ዘርጋው መዝገብ ገልጠው የእድሩን ወጥ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ አልታዬን እየጠየቁ ነው።

ዘርጋው፦ ወይዘሮ አልታዬ፣ ጥያቄውን ይመልሱ። ሽሮው ውስጥ ምን ጨመሩ?

አልታዬ፦ ይመልሱ? ጨመሩ? አንተ ሰውዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሆንኩት?

ዘርጋው፦ ቃለ ጉባኤ ላይ አንቺ ተብሎ አይጻፍም።

አልታዬ፦ እንግዲያው ጻፍ። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ።

ዘርጋው፦ በሶብላ አልነበረም!

አልታዬ፦ በሶብላ መስሎኝ ነዋ! ያ ጊታር የሚመታው ተከራዬ ጓሮዬ ተክሎት፣ ሳይሰናበተኝ ውልቅ ብሎ ሄደ። ቁመቱ እኔን ያክላል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ ጫፉ ላይ አበባው ጭፍግግ ያለ ነው። «ምንድነው ይሄ ልጄ?» ስለው «የፈረንጅ በሶብላ ነው እማማ» ብሎኛል። ውሃ ሳጠጣው ከረምኩ። ሲደርስ አደረቅኩት፣ ፈጨሁት። ሌላ በሶብላ ምን ይደረጋል?

ዘርጋው፦ ሻምበል ደጀኔ ካናቢስ ነው ብሏል። ጋንጃ! አደንዛዥ ዕፅ!

አልታዬ፦ ከሩቅ በማሽተት ብቻ ነው የለየው። ከየት ያውቀዋል ብለህ ጻፍልኝ።

ዘርጋው፦ በፖሊስነት ሥራው ምክንያት ነው። የተረፈውንም ነቅሎ ያቃጠለው እሱ ነው።

አልታዬ፦ አዎ፣ አጠገቡ ቆሞ። ሦስት ሰዓት ሙሉ። ነፋሱ ወደ ዞረበት እየዞረ።

ዘርጋው፦ ሻምበል አልተከሰሰም! የተከሰሱት እርስዎ ነዎት። መቶ አርባ ሰው ድንኳን ውስጥ ሲስቅ ዋለ! ሬሳ በወጣበት ቤት! ኮሚቴው ከእድሩ እንዲሰናበቱ ወስኗል፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።

አልታዬ፦ ልታባርረኝ ነው?

ዘርጋው፦ ውሳኔው እሁድ በጠቅላላ ጉባኤ ይነበባል። ከዚያ በፊት ማን በምን እንደተጎዳ መለየት አለብኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት አልሆነም። እነ ጌጡ ገና ከቀብር እንደተመለስን ሳቁ። ሌላው ከምሳ በኋላ ነው የጀመረው። የእድሩ ጸሐፊ ደግሞ እስከ ማግስቱ አልበረደለትም።

አልታዬ፦ እነ ጌጡን የያዛቸው ጭሱ ነው።

ዘርጋው፦ የምን ጭስ?

አልታዬ፦ ግንዱን ምን ላድርገው? ዝንቡ አላስቀምጥ አለን፣ ከሰሉ ላይ ጣል አደረግኩት። እነሱ ደግሞ እዚያው ዳር ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ። ሻዩ ሳይፈላ ጌጡ ተነስቶ የድንኳኑን ምሰሶ አቀፈና «ይሄ ምሰሶ አጎቴን ይመስላል» አለ።

ዘርጋው፦ አጎቱን?

አልታዬ፦ እኔም አየሁት፤ ትንሽ ይመስላል። ግን የጭሱ ቶሎ መጣ፣ ቶሎ ሄደ። ምሳ ሲቀርብ ሁሉም ደህና ነበሩ። ራባቸው እንጂ ሌላ ምንም አልሆኑም።

ዘርጋው፦ «በጭስ፣ አራት ሰው፣ አጭር ጊዜ፣ ረሃብ።» እሺ። ሻዩስ?

አልታዬ፦ ሻዩ ውስጥ እንደ ጤና አዳም ቅጠሉን ብቻ ጣል አድርጌበታለሁ። ሻዩ ምንም አልሠራም።

ዘርጋው፦ ወይዘሮ ፀዳለ ጠጥቼ ታመምኩ ብላ አመልክታለች።

አልታዬ፦ ፀዳለ ስድስት ብርጭቆ ነው የጠጣችው! ስድስት ብርጭቆ ሻይ የጠጣ ሰው ሽንት ቤት ሲመላለስ ቢውል ምን ይገርማል? ቅጠሉን ከውሃ አውጥተህ ብታየው እንደገባ ነው የወጣው። የፈረንጅ በሶብላ ውሃ አይወድም፤ ዘይት ነው የሚወደው።

ዘርጋው፦ ይሄን አልጽፈውም። ምክር ይመስላል።

አልታዬ፦ ሽሮው ነው እንግዲህ ጉዱ። ሽሮው አድብቶ ነው የመጣው። ሲበሉት ምንም የለውም። «አልታዬ ዛሬ እጅሽ ጣፍጧል፣ ጨምሪልን» እያሉ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አስጨመሩ። ሰዓት ተኩል አለፈ፤ ድንኳኑ ጭጭ። እኔም ሰው አዝኖ ነው ብዬ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ።

ዘርጋው፦ ከዚያስ?

አልታዬ፦ አልቃሿ ብርቄ ደረቷን ልትመታ ተነሳች። እጇን ወደ ላይ አነሳችና አየችው። ዘርጋው ሙት፣ እጇን እያየች ግማሽ ሰዓት ቆመች። «ለካ አምስት ናቸው» ትላለች።

ዘርጋው፦ ብርቄ ናት «የሞተው ማን ነበር?» ያለችው?

አልታዬ፦ አይ፣ እሱ ወንድምህ ነው። ጸሐፊው ደግሞ ወንበር ሊቆጥር ሄዶ ለእያንዳንዱ ወንበር ስም አወጣ። «ይቺ ሙሉነሽ ናት፣ አትቀመጡባት፣ ደክሟታል» ብሎ ቆመላት።

ዘርጋው፦ ሙሉነሽን እኮ ቤቱ ወስዷታል። አልመልስም ብሏል።

አልታዬ፦ የሟቹ ታናሽ ወንድም ከአሰላ ሲደርስ ባሰ። «ወንድሜን!» እያለ ዘሎ ገባ፣ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ሰውየው ክው አለ። «ይቅርታ፣ ሠርግ ቤት ገባሁ» ብሎ ወጥቶ ለቅሶ ቤቱን በየመንገዱ ሲጠይቅ አመሸ።

ዘርጋው፦ ይሄ ያስቃል እንዴ?

አልታዬ፦ አንተው ነህ የሳቅከው።

ዘርጋው፦ አልሳቅኩም። ጉሮሮዬን ጠርጌ ነው። ስሚ፣ ማለቴ ይስሙ፣ ቤተሰቡ ተዋርዷል።

አልታዬ፦ ውብዓለምን ጠይቃት! ባሏን ቀብራ፣ ከእኔ ጋር ድስት ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ተምትሜ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንዲህ አሳቆኝ አያውቅም» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ የምሯን አለቀሰች። በደንብ አለቀሰች፣ ወጣላት። እኔ ነኝ ያቀፍኳት።

ዘርጋው፦ እሱን ልጽፍ እችላለሁ።

አልታዬ፦ አንተስ ከየትኞቹ ነህ?

ዘርጋው፦ ማን፣ እኔ? እኔ ዳኛ ነኝ።

አልታዬ፦ ዳኛ መሆንህን አውቃለሁ። ከጭሱ ነህ፣ ከሻዩ ወይስ ከሽሮው?

ዘርጋው፦ ትንሽ ቀምሻለሁ።

አልታዬ፦ ሦስት ጊዜ ነው ያስጨመርከው። ድስቱን በእንጀራ ጠርገሃል።

ዘርጋው፦ ምንም አልሆንኩም። በእድሩ ስም ምስጋና ላቀርብ ተነሳሁ። ከዚያ ቤቴ ተኝቼ ነቃሁ።

አልታዬ፦ በመሃል ያለውስ?

ዘርጋው፦ በመሃል ምንም የለም። ጫማዬን አቅፌ ነው የነቃሁት፣ በቃ። ሰዎቹን ብጠይቅ ግማሹ አያስታውስም፣ ግማሹ አይቶኝ ፊቱን ያዞራል። ምን አደረግኩ አልታዬ? ዘፈንኩ?

አልታዬ፦ አልዘፈንክም።

ዘርጋው፦ ሰው ሰደብኩ?

አልታዬ፦ ኧረ እንዲያውም። መጀመሪያ የኔን ነገር እንጨርስ። ሃያ ስድስት ዓመት የዚህን ሰፈር ሰው አብልቼ ሸኝቻለሁ። የአንተንም ሚስት፣ ነፍሷን ይማር፣ ለሠልስቷ እኔ ነኝ ያበሰልኩት። ልጅ የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ነገ ስሞት ማን ድንኳን ይተክልልኛል? ማን ይሸከመኛል? እፈራለሁ ዘርጋው። ቀልዴን አይደለም፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ዘርጋው፦ እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለሽ? አንድን ሰው ብለቅ ነገ ሁሉም የፈለገውን ድስት ውስጥ ይጨምራል። «ዘርጋው ለእሷ አዳላ» ይባላል።

አልታዬ፦ ለእኔ ለምን ታዳላለህ?

ዘርጋው፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ሰው አፉ አያርፍም።

አልታዬ፦ ይሁን። በደንባችን ባልና ሚስት ስንት አባል ናቸው?

ዘርጋው፦ አንድ ናቸው፣ በአንድ ስም። አንቀጽ አሥራ አራት። ራሴ ነኝ ያረቀቅኩት።

አልታዬ፦ አንዱ ከተባረረስ?

ዘርጋው፦ ሁለቱም ይወጣሉ። ባል ተባርሮ በሚስቱ ስም ሹልክ እንዳይል ብዬ ነው። ሚስትም እንደዚያው። ምን አገናኘው?

አልታዬ፦ ምስጋና ልታቀርብ የተነሳህ ቀን፣ መቶ አርባው ሰው ፊት «ምስጋናዬ ለአልታዬ ብቻ ነው» አልክ። አራት ዓመት ሙሉ በእኔ በር ያለፍከው ወደ ዳቦ ቤት ስለሚያቀርብ እንዳልሆነ ተናገርክ። በእውነትም አያቀርብም፣ ያርቃል። ከዚያ ጌጡን፣ ሻምበልንና ጸሐፊውን ሽማግሌ አድርገህ ወደ እኔ ላክህ። ከድንኳኑ እስከ ድስቱ፣ አሥር እርምጃ።

ዘርጋው፦ እመቤቴ ማርያም!

አልታዬ፦ ጸሐፊው ወንበሯን ይዞ ነው የመጣው። አራተኛ ሽማግሌ ናት አለ።

ዘርጋው፦ አልታዬ፣ ሽማግሌዎቹም እኮ ሽሮ በልተው ነበር! የሽሮ ነገር እንዴት ይቆጠራል!

አልታዬ፦ ያን ቀን አዎ። ትናንት ግን ሦስቱም በባዶ ሆዳቸው፣ ነጠላ አጣፍተው ቤቴ መጡ። «ሰው ፊት የላከንን መልስ ሳናገኝ አንቀርም» አሉ። አሁን አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ፣ እሱን መልስልኝና የፈለግከውን ጻፍ። ያን ቀን የተናገረው አንተ ነህ ወይስ ሽሮው?

ዘርጋው፦ አንቺ ደግሞ...

አልታዬ፦ በቃለ ጉባኤ ነው የምትመልሰው ወይስ በአፍህ?

ዘርጋው፦ ዳቦ አልበላም እኔ። ስኳር አለብኝ። አራት ዓመት የገዛሁትን ዳቦ ለጎረቤት ነው የሰጠሁት። በቃሽ?

አልታዬ፦ በቃኝ።

ዘርጋው፦ ለሽማግሌዎቹ ምን አልሻቸው ታዲያ?

አልታዬ፦ እሺ ብያቸዋለሁ። በል አሁን ፈርም፣ አብረን እንባረር።