ይሉኝታና ባለአራት ጎማው ሞተር

የከብት ሐኪሟ የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ ከላይኛው መንደር ስትወርድ፣ ድልድዩ አጠገብ ከአጎቷ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። አጎቷ ፊቷን ሲያዩ ነገሩ ወዲያው ገባቸው።

«ዛሬም?» አሏት።

«ዛሬም ጋሼ። መንገዱ አራት ሰዓት ነው፤ በረዶው በሦስተኛው ሰዓት ውሃ ይሆናል። ሙቀት የነካው ክትባት ምን ይሠራል? ሁሉንም ደፋሁት። ባለፈው ጊዜ ከብቶቹን ነድተው ሲጠብቁኝ ባዶ እጄን መመለስ አሳፍሮኝ የሞቀውን ወጋሁላቸው። በሽታው ሲመጣ አሥራ አንድ ጥጃ አለቀ። መርቀው የሸኙኝን ሰዎች ዛሬ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።»

አጎቷ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ የፈጁ ሰው ናቸውና መላ አላጡም። ወዳጃቸው አናጢው ከሥራ ቤታቸው ጀርባ አንድ ቆሞ የከረመ ባለአራት ጎማ ሞተር አላቸው፤ ሊሸጡትም ይፈልጋሉ። ዘይቱ ቢቀየር ያንን ዳገት በአንድ ሰዓት ይወጣዋል።

«እኔው እነዳልሻለሁ፤ አንቺ ሳጥንሽን ይዘሽ ቁጭ ማለት ነው» አሏት።

«እንግዲያው መፍቻ ልያዝና እንሂድ።»

አጎቷ ቀጥ ብለው ቆሙ። «መፍቻ ለምን?»

«ከፍቼ ሳላይ አልገዛማ።»

«ልጄ፣ ሰውዬው የአርባ ዓመት ወዳጄ ነው። ዕቃህን ልፍታ ማለት ሌባ ነህ ማለት አይደለም ወይ? በእኛ ወግ ሰው ቃሉን ይሰጣል፣ ወዳጁ ያምነዋል፤ አለቀ።»

«በሬ ሲገዙ ጥርሱን አያዩም ጋሼ?»

«አያለሁ እንጂ! አብጃለሁ እንዴ ሳላይ የምገዛ?»

«ሻጩስ ተቀይሞዎት ያውቃል?»

«ምን ያስቀይመዋል? የተለመደ ነገር ነው።»

«መጀመሪያ የበሬ አፍ የከፈተው ሰው ግን ሳይሰደብ አልቀረም። የሞተሩንም አንድ ሰው ይጀምረው።»

እውነቱን ለመናገር፣ የዚህ መንደር ሰዎች ከአውሬ ይልቅ ይሉኝታን ይፈራሉ። ጎረቤት የሠራው ጣሪያ ቢያፈስ ባልዲ ይደቅናሉ እንጂ «ያፈሳል» አይሉም። አጎቷ ራሳቸው የማይዘጋ በር አላቸው፤ የሠሩላቸው እኒሁ አናጢ ናቸው። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ድንጋይ አስደግፈውበት ይተኛሉ። ይህንንም ጨዋነት ይሉታል!

«ከማይዘጋ በር ጋር ተቻችሎ መኖር ይቻላል» አለች የከብት ሐኪሟ። «ይሄ ግን በገደል አፋፍ ነው የሚሄደው። ስንገለበጥ ይሉኝታ ደርሶ ያነሣናል?»

አጎቷ ባይስማሙም እየተነጫነጩ እስከ አናጢው ቤት ተከተሏት።

ሞተሩ ከጣውላ ክምር ሥር ቆሞ ሰጋቱራ ለብሷል። አጎቷ ገና ከሰላምታው «ያንተ ዕቃ መቼም እንከን አይኖረውም» ብለው ጀመሩ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ አናጢውን እጅ ነሣችና፣ «አባባ፣ ቢፈቅዱልኝ ፈትቼ ልየው። እርስዎን አላምን ብዬ ሳይሆን ዕቃውን ስለማላውቀው ነው» አለች።

አጎቷ አንገታቸውን ደፉ። አናጢው ሰጋቱራውን ከሞተሩ ላይ በእጃቸው ጠረጉና «ፍቺው» አሉ።

በልጅነቷ አጎቷ መኪናቸውን ሲጠግኑ እያየች አድጋለች፤ ጨርቅ አነጠፈችና የፈታችውን ሁሉ በተራ በተራ ደረደረች። ማጣሪያው ውስጥ አይጥ ጎጆዋን ሠርታለች፤ ዘይቱ ጠቁሮ ዝፍት ሆኗል። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ አውጥታ ቀዳዳውን በአውራ ጣቷ ደፈነችና አጎቷ የማስነሻውን ገመድ እንዲስቡ ጠየቀች። ሲስቡት አየሩ ጣቷን ገፍቶ አስለቀቃት።

«ነፍስ አለው! ግፊቱ አልደከመም!» ብላ ጮኸች። ከዚያም ሥሩን ለማየት መሬት ላይ ልትንጋለል ስትል አናጢው ክንዷን ያዙ።

«ቆይ ልጄ። ከወንበሩ በታች ተሸካሚው ብረት ተሰንጥቋል። እኔው እንደ ነገሩ አጣበቅኩትና ቀለም ቀባሁበት።»

አጎቷ ደም ሥራቸው ተገታተረ። «አንተ ሰው! የእህቴን ልጅ ልትፈጅብኝ ነበር?»

«ልነግርህ ነበር። አንተ ግን ገና ሳትቀመጥ እንከን የለውም አልከኝ! ታዲያ በምን አፌ ልናገር? እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ። ጠይቀሽ ገላገልሽኝ ልጄ፣ ተባረኪ።»

አጎቷ አንዴ ሞተሩን፣ አንዴ ወዳጃቸውን አዩ። ከዚያ ድንገት፣ «እንግዲያውስ ያ በርም አይዘጋም! ዘጠኝ ዓመቱ ነው!» ብለው ተነፈሱት። አናጢው «ነገ ጠዋት መጥቼ አስተካክለዋለሁ» ከማለት በቀር አንድም ቅያሜ አላሳዩም። አርባ ዓመት የተፈራው ጠብ ይኸው ነበር።

«ሞተሩን እገዛዋለሁ» አለች የከብት ሐኪሟ። «የተሰነጠቀው ብረት ግን ተቆርጦ በያጅ ዘንድ በወፍራም ብረት ይታደሳል። ያ ሳይሆን ማንም አይቀመጥበትም።»

«እኔም ከዚያ በኋላ እነዳልሻለሁ» አሉ አጎቷ።

አጎቷ በቀኛቸው ያለውን ነገር እየገጩ ሲያልፉ ካየች ሰንብታለች። ብዙ ወር አፏ ላይ እየደረሰ የተመለሰ ጥያቄ ነበራት፤ አሁን ዝም ብትል የራሷን ምክር መናቅ ሆነባት።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው?»

አጎቷ የገመዱን እጀታ ዘለግ ላለ ጊዜ አሻሹት። «ቀኙ ከጠፋ ዓመት አልፎታል» አሉ በመጨረሻ። «ግራውም ሰሞኑን ይጋርደኛል።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

መፍቻውን አስቀምጣ እጃቸውን ያዘች። «መንዳቱን እኔ እማራለሁ፣ እርስዎ ያስተምሩኛል። ነገ ግን ሐኪም ቤት ነን።»

በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ ዳገቱን ወጣ፤ ክትባቱም በረዶው ሳይሟሟ ደረሰ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሳይፈሩ መጠየቅ ምን እንደሚያተርፍ እይ፤ ጥጃ ከሞት፣ ሰው ከገደል፣ ወዳጅም ከሐሳብ ይድናል። ከግዢው ማግስት ያያቸው የዓይን ሐኪምም ግራ ዓይናቸውን እንደሚያተርፈው፣ ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ ግን እንደማይሆንለት ተናገረ። ከዚያ እንደ ልማዱ «ጥያቄ አለዎት?» አላቸው።

«አለኝ እንጂ» አሉ አጎቷ፤ ወንበራቸውንም ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ።