ለመምህርት የተቆረጠ አርጩሜ

አያ አብደላ የወይራ አርጩሜ ልጠው ከሐይቁ ዳር ወደ ትምህርት ቤቱ ሲወጡ፣ መምህርት ተሻለችን መንገድ ላይ አገኟት። ልጃቸው ራህማ ከትምህርት ኮብልላ ቄጠማ ውስጥ ተደብቃ ስትውል ተይዛለች። ያገራችን አባት ደግሞ ልጅ ሲያስቸግረው መላው አንድ ነው፤ ዱላውን ራሱ ቆርጦ ለመምህር ማስረከብ።

ሰላምታው በወጉ ተዳረሰ። አያ አብደላ ማዶ የሚታየው ታንኳ የማን እንደሆነ ሳይቀር ነገሯት። ከዚያ አርጩሜውን ዘረጉላት።

«እንኪ ልጄ፤ ዓይኗን ብቻ ተይልኝ። ዘንድሮ ካልተማረችማ እድራታለሁ።»

ተሻለች አርጩሜውን ተቀበለቻቸው። ራህማ ስታነብ ተሳስታ ክፍሉ እንደሳቀባት፣ ከዚያ ወዲህም አፏን እንዳልከፈተች አስረዳቻቸው። ሳቁን ወዲያው ባለማስቆሟም ራሷን ወቀሰች። አያ አብደላ ግን አልተዋጠላቸውም።

«እኛ ቁርኣን የቀራነው በአለንጋ ነው። ልጅ ሳይፈራ ይማራል?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቀየሙኝ። የጎልማሶቹን መሠረተ ትምህርት ለምን ተዉት?»

«ዓይኔ ደከመ ብያለሁ እኮ።»

«ታንኳውን ግን ለይተውታል።»

አያ አብደላ ፊታቸውን ከታንኳው አዞሩ። እውነቱን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በመሠረተ ትምህርቱ ሰሌዳ ላይ፣ በቁርኣኑ ልማድ ጠመኔውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲነዱት፣ ጎረምሳው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። በነጋታው ዓይናቸው ታመመ።

«ያኔ በአርጩሜ ቢነዱዎ ይመለሱ ነበር?»

«ወላሂ፣ ዞሬም አላይ» አሉ ቀስ ብለው።

«ራህማም ያው ናት። ልጅ ብሳሳት አይሳቅብኝም ብሎ ሲያምን አፉን ይከፍታል፤ ስህተቱን ስሰማ አርመዋለሁ። ዝም ካለኝ ግን ምኑን አስተምረዋለሁ?»

አያ አብደላ ባዶ እጃቸውን ቤት ሲገቡ፣ ራህማ ዱላ ስትጠብቅ ጥግ ይዛ ነበር። አጠገቧ ተቀምጠው የጠመኔውን ነገር አጫወቷት።

«ሳቁብህ አባ?»

«ሳቁብኝ። በጣም ከፋኝ።»

ራህማ ያኔ እንባዋ መጣ፤ የሆነችውንም ሁሉ ነገረቻቸው። በማግስቱ ራሳቸው ትምህርት ቤት አደረሷት።

ተሻለችም በክፍሏ ደንብ አወጣች፦ የተሳሳተ ዳግመኛ ይሞክራል፣ የሳቀ ይቅርታ ይጠይቃል። ራህማ ብቻ አይደለችም፣ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ልጆች እጅ ማውጣት ጀመሩ። የመዳሩም ወሬ በዚያው ቀረ። ደንቡ ለጎልማሶቹም ሲሠራ፣ የአያ አብደላ ዓይን ዳነ።

የተመለሱ ዕለት ሰሌዳው ፊት ቆሙ፤ እጃቸው ልማዱን ይዞ ወደ ቀኝ ሄደ። ለመርዳት የመጣችው ራህማ መምህርቷ የሰሌዳ መጠቆሚያ ያደረገቻትን ያችኑ የወይራ አርጩሜ አንስታ የሰሌዳውን ግራ ጫፍ ነካችላቸው።

«ከዚህ ነው አባ።»

ማንም አልሳቀም።