በጥቅስ የተሸፈነች መብራት

ቅዳሜ ረፋድ ሊትል ኢትዮጵያ ወደሚባለው የሐበሻ ሰፈር በርበሬ ልገዛ ሄጄ፣ ከሱቁ ጀርባ ካለው ፓርኪንግ ጭቅጭቅ ሰማሁ። አንደኛው ተከራካሪ ተሳፋሪ በማመላለስ የሚተዳደሩት ጎረቤቴ ጋሼ ወልዴ ናቸው። ሌላዋ ዶርካስ ናት፤ የቸርቻቸው ልጅ፣ ኮሌጅ ገብታ የመኪና ጥገና የተማረች። ብልሽት የሚያነብ ስካነሯን መኪናቸው ላይ ሰክታለች።

«ዶርኪዬ፣ የብልሽት ኮዱን ክሊር አድርጊልኝ ብቻ ነው ያልኩሽ። ሰኞ የመኪና ኢንስፔክሽን አለብኝ፤ የኤርባግ መብራቷን ካዩ ሥራ የለም!»

«አላደርግም፣ ጋሼ። መብራቷ ብትጠፋም ችግሩ አይጠፋም። ሶ አክሲደንት ቢደርስ ኤርባጉ ላይከፈት ይችላል።»

ጋሼ ወልዴ ሳቁ። ዳሽቦርዱ ላይ፣ ልክ መብራቷ በምትበራበት ቦታ፣ ቸርች የታደለው የጥቅስ ስቲከር ተለጥፏል። ስቲከሩን ሁላችንም እንለጥፋለን፤ የመብራት መሸፈኛ ሲያደርጉት ያየሁት ግን እሳቸውን ብቻ ነው።

«እኔን የሚጠብቀኝ ጌታ ነው፤ በንፋስ የሚሞላ ከረጢት አይደለም!»

«አሜን። ታዲያ ባለፈው ወር ፍሬኑን ለምን አስቀየርከኝ?»

ልጅቷ ደፈረች፤ ደግ አደረገች። እምነትንና ቸልተኝነትን አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚይዝ ሰው በመካከላችን በዝቷል፤ ይህን በማለቴ የሚቆጣ ካለ ይቆጣ።

«እንግዲያው ሹፌሮች እንደነገሩኝ ከፊት ወንበሩ ሥር ያለችውን የኤርባግ ቢጫ ሽቦ ራሴ ነቅዬ እሰካታለሁ!» ብለው ጋሼ ወልዴ ጎንበስ ሲሉ፣ ዶርካስ ክንዳቸውን ያዘች።

«ባትሪው ሳይፈታ አትነካትም! ኤርባጉን የሚከፍተው ፈንጂ ነገር ነው፤ ፊትህ ላይ ቢፈነዳ ዓይንህን ያጠፋዋል። መጀመሪያ ባትሪውን ዲስኮኔክት እናደርጋለን። ከዚያ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ ማኑዋሉ የሚለውን ያህል እንጠብቃለን።»

«ኮሌጅ ያስተማረሽ ፍርሃት ነው?»

«አዎ፣ የሚፈራውን መፍራት ተምሬያለሁ። በውሸት የማጠፋልህ መብራት ግን የለም። ካልፈለግክ ሌላ ጋ ውሰደው።»

የጋሼ ወልዴ ባለቤት እትዬ ሸዋረጋ ዘንቢላቸውን ይዘው ከሱቁ ወጥተው ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ሰምተዋል። የኋላውን በር ከፍተው ተቀመጡ።

«ምነው? ፊት ነይ እንጂ፤» አሉ ጋሼ ወልዴ።

«አልመጣም! ያን ጥቅስ ስትለጥፍ ለእኔም የጸለይክ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ የሚያስጠነቅቀንን ደብቀህብኝ ነው!»

ጋሼ ወልዴ ስቲከሩን ላጡት፤ ቀይዋ መብራት ቁልጭ ብላ ታየች። «በይ፣ ባትሪውን ፍቺው፤» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

ዶርካስ ሁሉንም ከመኪናው አስወርዳ፣ ባትሪውን ፈትታ፣ ጊዜውን ጠብቃ ከወንበሩ ሥር አየች። ጋሼ ወልዴ ለተሳፋሪ የሚያድሏቸውን የውሃ ጠርሙሶች በእግራቸው እየገፉ እዚያ ሲያስገቡ፣ የቢጫዋ ሽቦ መሰኪያ ላልቶ ኖሯል። ደግነታቸው ነው ያበላሸው! መሰኪያዋን ቀጭ እስክትል አጥብቃ፣ ባትሪውን መልሳ፣ ኮዱን አሁን በሐቅ አጠፋችው። መብራቷ ሞተሩ ሲነሳ እንደ ደንቡ ለጥቂት ሰከንድ በርታ በራሷ ጠፋች።

ጋሼ ወልዴ ስቲከሩን ከእትዬ ሸዋረጋ ወንበር ፊት ለፊት ሊለጥፉ ሲሉ ዶርካስ ጮኸች። «እዚያ አይሆንም! ኤርባጉ የሚወጣው በዚያ ነው!»

«ኦኬ፣ ኦኬ፤ አንቺ ካልሽ፤» ብለው ከመኪናው ውጭ፣ የኋላው መከላከያ ላይ ለጠፉት። ጠርሙሶቹንም ወደ ሻንጣው ክፍል አዛወሩ። ሰኞ ኢንስፔክሽን ሲገቡ የሚደብቁት ነገር የለም፤ የሚጭኑት ሰውም የተሟላ መከላከያ አለው።

እትዬ ሸዋረጋ የፊቱን በር ከፈቱ። ከመግባታቸው በፊት ግን አንገታቸውን አስግገው ዳሽቦርዱን በደንብ አዩ።