ከባዶው ወደ ሙሉው

ይህን ወግ በመጀመሪያ የነገረኝ የቀድሞ ተማሪዬ፣ የኮምፒውተር ጠጋኙ ነው። ጠጋኝ አልኩ እንጂ ጠጋኝስ የጫማ ነው፤ ባለሙያው ማለት ይገባኝ ነበር። ባለሙያው በጠባቡ ሱቁ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የአንዲት ቀጭን ላፕቶፕ ሆድ ከፍቶ ሲመለከት፣ የላፕቶፗ ባለቤት የሆነችው ልጅ አክስት ከፊቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ደግሞ የልጅቷ ባል ታላቅ ወንድም፣ ጎረቤቴ፣ ስልካቸውን ይጎረጉራሉ። አክስት ወደዚያ ዘወር እንኳ ሳይሉ ጀመሩ።

«እንዴት ዋልክ ልጄ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ይቺ ማራገቢያ ነፍስ አላት ወይስ ለወጉ ነው የተሰቀለችው?... ተወው፣ ለማራገቢያ አልመጣሁም። ልጃችን እንደምታውቀው ተርጓሚ ናት። የልጆች መጽሐፍ ዓመት ሙሉ ስትተረጉም ከርማ፣ ለአሳታሚው የምታስረክበው ሰኞ ነው። ላፕቶፗ ደግሞ ተንቀራፈፈችባት። ምን ይጨንቃታል፣ በቤቱ አዋቂ ሞልቶ! አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ... ስማቸው ምን ያደርግልሃል፣ ደግ ሰው ናቸው። ማስቲካ የምታህል አዲስ ዲስክ ገዝተው መጡ። ‹ባለሙያ ጋ ልውሰዳት› ብትላቸው ‹እኔ እያለሁ?› አሉ። እውነታቸውን እኮ ነው! እሳቸው እያሉ የሌላ ሰው ጥፋት... ጥፋት አልኩ እንዴ? ትጋት ማለቴ ነው... ምን ያስፈልጋል?

«ብሎኖቹን በቢላ ጫፍ ፈቷቸው። መልሰው ሲገጥሙ ሁለት ብሎን ተረፋቸው፤ ከፋብሪካው የበለጠ ቆጣቢ አየህ! ከዚያ የቀረው ከአሮጌው ዲስክ ወደ አዲሱ መገልበጥ ነው። ፕሮግራሙ ‹ከየትኛው ወደ የትኛው?› ብሎ ይጠይቃል አሉ... እሳቸው ታዲያ ለጥያቄ የሚያቅማሙ ሰው ናቸው? ባዶውን፣ አንዲት ነጥብ ሳያጎድሉ፣ በሙሉው ላይ ገለበጡት። እስቲ ንገረኝ፣ ባዶን እንዲህ አሟልቶ የሚሰጥ ማን አለ? ለነገሩ ሰው የሚሰጠው ካለው ነው...

«ሙያ በልብ ነው ይላሉ፤ የእሳቸው እዚያው ልብ ውስጥ ቀርቶ ይሆን? የቸኮለ አፍሶ ለቀመም ይባላል። እሳቸውማ ለቃሚ እንዳይደክም ብለው የሚለቀም አላስተረፉም። ልጅቷ ስታለቅስ አዲስ ዊንዶውስ ጫኑላትና ‹ፈጠነች አይደል?› ብለው አጽናኗት። ትፈጥናለች እንጂ! ምን ተሸክማ ትዘገያለች?»

አግዳሚው ተንቋቋ። ጎረቤቴ ተነሡ... አልተነሡም፤ ሊነሡ ብለው የባለሙያውን ዓይን ሲያዩ ተመልሰው ተቀመጡ። አክስት ከቦርሳቸው አንዲት ፍላሽ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ልጅቷ አንድ ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር ፊደሉን እንዳርምላት ለእኔ ትልክልኝ ነበር። ሁሉም እዚህ አለ። ትናንት ስነግራት ዕንባዋን ጠርጋ ተኛች። ለእኚያ ደግ ሰው ግን እስካሁን የነገራቸው የለም... ማን ይድፈር? ሳይጠይቁ ሁሉን ለሚያውቁ ሰው ወሬ ይነገራል? በል ብሎኖቿን አሟላልኝ፣ ይህንንም ጫንባት።

«እሳቸውንማ ምን ልበላቸው፣ አምላክ ድካማቸውን ይቁጠርላቸው። ጭንቅላታቸውን እንደዚያች አዲስ ዲስክ ያቆይላቸው፤ ቀላል፣ ፈጣን፣ ዕድሜ ልኩን አንዳች ነገር የማይከብደው። አሜን በል እንጂ ልጄ!... በሩ አጠገብ ያላችሁም።»

ይህን የጻፍኩት ዛሬ ነው፤ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩተው «የእርስዎንም ላፕቶፕ ላፍጥንልዎ» ባሉኝ ዕለት። ያውም በወረቀት።