ጋሽ ወልዴ ለሳላህ የመሰከሩለት ቀን

በእኛ ጊዜ እኮ፣ ስሙኝ እንጂ፣ ሰው አፉን የሚከፍተው ለሙገሳ ወይ ለልቅሶ ነበር፤ ለሌላ ለሌላውማ ደርግ አፋችንን ዘግቶት። እና እዚህ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት ነው የምንላት፣ ከቤታችን አጠገብ ሳላህ የሚባል የመናዊ ነበር፣ የኑግ ዘይት የሚጨምቅ። በልጅነቱ ነው የመጣው፤ ሚስቱ መርየም የአቦምሳ ልጅ ናት፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከኛ እኩል ነው የሚያወራው። አንዲት መጭመቂያ ነበረችው፣ አንዲት! እሱ ይጨምቃል፣ መርየም ትቀዳለች፣ በቃ ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የውጭ አገር ሰው ሁሉ የመኖሪያ ፈቃድ ያውጣ ተባለ። ሳላህ ቋሚውን ፈለገ፣ ያለዚያ ውጣ ሊሉት ነው። «ለአገር የሚጠቅም ሥራ እንዳለህ የሰፈር ሰው ይመስክርልህ» አሉት። ማንን ይዞ ይሂድ? ጋሽ ወልዴን ነዋ! የእድራችን ዳኛ ናቸው፣ ደግሞ ልጅ ሊጠየቅ ሲሆን ለሽምግልና የሚላኩት እሳቸው። እሳቸው ሄደው እምቢ የተባለ ሙሽራ የለም። ለባዶ እጁ ጎረምሳ እንኳ በሬ ከነቀንበሩ ይፈጥሩለታል። የልጅቷም አባት ማጋነናቸውን ያውቃል፣ ደንቡ ነው።

እና ቀበሌ ሄድን፣ እኔም ከመርየም ጋር ነበርኩ። ካድሬው ካኪውን ለብሶ ተኮፍሷል።

«ጓድ ወልዴ፣ ግለሰቡ ምን ይሠራል?»

ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልክ ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ እንደሚያደርጉት!

«ምን የማይሠራ! ሀብታም ነው እኮ ጌታዬ! ስንቱ ሰው በሥሩ ያድራል መሰለህ! መጋዘኑ ሞልቶ ይፈሳል!»

«በሥሩ ያድራል?»

«ኧረ ስንቱ!»

ሳላህ እጃቸውን ያዘ። «ጋሼ፣ እኔና መርየም ብቻ ነን...»

«ዝም በል አንተ! ትሑት ነው እኮ ጓድ፣ አያያዙን አየኸው?»

«በዝባዥ ነዋ» አለ ካድሬው። አልጮኸም፣ ቀስ ብሎ ነው ያለው።

ሳምንት ሳይሞላ መጭመቂያዋን ወርሰው ጫኗት። አንዲት ናት ቢል ማን ይስማው? እንዲያውም «የቀሩትን የት ደበቅሃቸው?» አሉት። ፈቃዱንም ከለከሉት፣ ውጣ ተባለ።

በባቡር ነው የሄደው፣ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን። መርየም እናቷ አልጋ ላይ ነበሩና ቀረች፤ «ሲደላደልልኝ እልክብሻለሁ» አላት። ጋሽ ወልዴም ባቡር ጣቢያ መጡ፣ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው። እና ያጽናናቸው ማን ይመስላችኋል? ሳላህ! «ጋሼ፣ ወደውኝ እኮ ነው» አላቸው። ይቺ ቃል ናት የገደለቻቸው እላለሁ እኔ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሽምግልና አልሄዱም። ለልጄ ብለምናቸው፣ «ሌላ ፈልጊ፣ የኔ ምላስ ቤት ያፈርሳል» አሉኝ።

ታዲያ ከዓመታት በኋላ ሳላህ እዚያው ሞተ የሚል መርዶ መጣ። አልተደላደለለትም፣ መርየምንም አልወሰዳት። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ሬሳ የለ ምን የለ። ጋሽ ወልዴ አርጅተዋል፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ደግሞ ሊያሞግሱት ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አንዲት መጭመቂያ ነበረችው» አሉ። «ራሱ ነበር የሚሠራባት። በሥሩ ማንም አልነበረም።»

ተቀመጡ። በቃ።

— እማማ፣ ጋሽ ወልዴ ያኔ ቀበሌ ይሄንኑ ብለው ቢሆን ኖሮስ?

— እሱንማ መርየም እዚያው ድንኳን ውስጥ ጠየቀቻቸው፣ ልጄ። ከዘራቸውን ይዘው ከድንኳኑ ወጡ። እኔን ደግሞ ይኸው እናንተ ትጠይቁኛላችሁ።